ባለ ሁለት መንኰራኵር መምህር

በአሜሪካ በሉዊዚያና ክፍለ ግዛት፣ ሩስተን በምትባል አነስተኛ ከተማ የሚገኘው ሉዊዚያና ቴክ ዩኒቨርሲቲ፣ ምሕንድስና ሊማሩ ለሚመጡት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቹ ከ2000ዎቹ ዓመታት ጀምሮ (ሌላ ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) አንድ እንግዳ የሆነ ሥርዓት አቁሞላቸዋል፤ ይኸውም ወጣቱ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይዞት የመጣው የሒሳብና የፊዚክስ ዕውቀት ገና በልቡናው ውስጥ ሥርዓት ሳይዝ፣ የግቢውንም መግቢያና መውጫ አጥርቶ ሳያውቅ፣ ከመማሪያ መጻሕፍቱ ጋር አንዲት ትንሽ ሮቦት በገዛ ገንዘቡ እንዲገዛ መደረጉ ነው። ሮቦቷ ከስንዝር እምብዛም የማትበልጥ፣ ገላዋ ከታጠፈ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ የተሠራ፣ በአራት የሬዲዮ ድንጋይ የምትንቀሳቀስ፣ በግራና በቀኝዋ ሁለት መንኰራኵር፣ ከኋላዋም ሚዛንዋን የምትጠብቅባት አንዲት የፕላስቲክ ኳስ ያላት ናት። ሮቦት ሲባል በፊልም ያየውን ሰው መሰል፣ የሚናገርና እጅ የሚጨብጥ ፍጥረት የሚጠብቅ ሰው፣ ይህችን ቢያይ ቅር ሳይለው አይቀርም።

ተማሪው ክፍሎችዋን በካቻቢቴ አጥብቆ ካሰናዳት በኋላ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ይጽፍላታል። መንኰራኵሮቹን የሚያዞሩት ሰርቮ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ሞተሮች ሲሆኑ፣ እነርሱም ትእዛዝ የሚቀበሉት በኤሌክትሪክ ምት ርዝመት ነው፤ ምቱ 1.5 ሚሊሰኮንድ፣ ማለት የሰኮንድ አንድ ሺሕኛ ተኩል ሲሆን ሞተሩ ይቆማል፤ ወደ 1.7 ሲረዝም ወደ አንዱ አቅጣጫ፣ ወደ 1.3 ሲያጥር ወደ ሌላው አቅጣጫ ይዞራል። ይህን ያጠና ተማሪ ሮቦቷን ወደ ፊት ለማስኬድ አስቦ ለሁለቱም ሞተሮች አንድ ዓይነት ቍጥር ሲሰጣቸው፣ ሮቦቷ ወደ ፊት በመሄድ ፈንታ ባለችበት ቦታ ትሽከረከራለች። ሁለቱ ሞተሮች በገላዋ ላይ የተገጠሙት ጀርባ ለጀርባ ሆነው ስለ ሆነ፣ አንዱን ወደ ፊት የሚያስኬደው ዙር ሌላውን ወደ ኋላ ይስበዋል። ይህን ነገር መጽሐፉ ጽፎለት፣ መምህሩም በሰሌዳ ላይ ሥሎ አሳይቶት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በአልጀብራ ትምህርቱ ለብዙ ዓመታት እንደ ዋዛ ሲያልፋት የኖረችው የመቀነስ ምልክት፣ አንድን ግዙፍ አካል ወደ ኋላ ለመመለስ ሥልጣን ያላት መሆንዋን ከልቡ የሚረዳው በዚያች ሰዓት ነው።

ሮቦትን ለጀማሪ መሐንዲሶች ማስተማሪያ ማድረግ ለብዙ ሰው የሚመስለው፣ ትምህርቱ የከበደውን ወጣት በመጫወቻ ማባበል ነው። ይህ አስተያየት ፈጽሞ ሐሰት ነው ለማለት አልደፍርም፤ መጫወቻነቱ አለና። ነገር ግን ዋናው ጥቅም ያለው ከዚያ ራቅ ብሎ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት በትምህርት ቤት የቆየ ወጣት የለመደው፣ መልሱ በመጽሐፍ መጨረሻ ገጽ የተጻፈለትን ጥያቄ ነው፤ በዚያም ጥያቄ ውስጥ ሰበቃ የለም ይባላል፣ ገመዱ ክብደት የለውም፣ አየሩ አይገፋም፣ መንኰራኵሩ ያለ እንከን ክብ ነው። መሐንዲስ የሚሆን ሰው ግን ዕድሜ ልኩን የሚሠራው፣ እነዚያ ለትምህርት ሲባል የተተዉት ነገሮች ሁሉ ተሰብስበው በሚመለሱበት ዓለም ውስጥ ነው። በነቢብ የተሰላውና በገቢር የሚሆነው ምን ያህል እንደሚለያዩ፣ ልዩነቱም በእርግማን ሳይሆን በስሌት የሚያዝ መሆኑን፣ ለአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት በአንድ ከሰዓት በኋላ ልታሳየው የምትችል፣ ሲሳሳትም ይሉኝታ የማይዛት መሣሪያ ከዚህች ከባለ ሁለት መንኰራኵሯ የተሻለች ገና አልተገኘችም ብዬ አምናለሁ።

ሐሳቡ ከየት እንደ መጣ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በአሜሪካ የምሕንድስና ተማሪ ማለት ብረት አቅልጦ የሚያፈስ፣ በቶርኖ የሚቀርጽ፣ በማስመሪያና በቀለም ረጅም ሰዓት ንድፍ የሚነድፍ፣ እጁ በቅባት የጠቈረ ተማሪ ነበር። ነገር ግን በጦርነቱ ዘመን ራዳርና አቶሚክ ቦምብን የመሳሰሉት መሣሪያዎች ሲሠሩ ግንባር ቀደም ሆነው የተገኙት በአብዛኛው የፊዚክስ ሊቃውንት በመሆናቸው፣ የምሕንድስና መምህራን የራሳቸው ትምህርት ከሳይንስ መሠረት የራቀ መስሎ ታያቸው፤ በዚህም ምክንያት የአሜሪካ የምሕንድስና ትምህርት ማኅበር፣ ግሪንተር በተባሉ ሊቅ ሰብሳቢነት አስጠንቶ በ1955 ባወጣው ዘገባ፣ ሒሳብና ፊዚክስ ከእነርሱም የሚወለዱት የምሕንድስና ሳይንሶች የሥርዓተ ትምህርቱ ምሰሶ እንዲሆኑ አሳሰበ። ሁለት ዓመት እንዳለፈ ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ስታመጥቅ ዝንባሌው ይበልጥ በረታ። ቀስ በቀስም ወርክሾፑ እየጠበበ፣ ሰሌዳው እየሰፋ ሄደ፤ ወጣቱም ማሽን ለመሥራት ብሎ ከገባ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ማሽን በዓይኑ ሳያይ፣ ከካልኩለስ ወደ ኬሚስትሪ ከኬሚስትሪ ወደ ፊዚክስ ሲመላለስ ከርሞ፣ ከታገሠ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት የተመኘውን ነገር ይነካ ጀመር።

ያልታገሠው ትቶ ሄደ። በ1997 ኢሌን ሲሞርና ናንሲ ሂዊት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በሰባት ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች ተማሪዎችን አነጋግረው ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ የሳይንስና የምሕንድስና ትምህርትን ጥለው የሚወጡት ተማሪዎች በችሎታቸው ከሚቀሩት እምብዛም የሚያንሱ አልነበሩም፤ በማስተማሩ ዘዴ ላይ ያሰሙት የነበረውም ምሬት በሚቀሩትም ዘንድ ያለ ነበር። ይህ ማስረጃ ደካማው ይውጣ፣ ብርቱው ይቀራል እያሉ ለሚጽናኑ መምህራን ደስ የሚያሰኝ አልሆነም።

እኛ ኢትዮጵያውያን የነገሩን ፍሬ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። የቅኔ ቤት ተማሪ ሰዋስውን ጨርሶ እስኪያውቅ፣ ግሡንም ሁሉ አርብቶ እስኪያበቃ ድረስ ቅኔ ከመቍጠር ተከልክሎ አይቀመጥም፤ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ ቈጥሮ በመምህሩ ፊት ይነግራል፣ መምህሩም ቤቱ ያልመታውን፣ ምሥጢሩ ያልሰመረውን እዚያው በባልንጀሮቹ መካከል ያርመዋል፤ በማግስቱም ሌላ ይዞ ይመጣል። ሰዋስዉ የሚገባው እየቈጠረ፣ የሚቈጥረውም ሰዋስዉ እየገባው ነው። የአሜሪካ የምሕንድስና ትምህርት ቤቶች ከ1955 በኋላ የተለያቸው ይህ ዓይነቱ መደጋገፍ ነበር፤ በኋላም ሲፈልጉት የመለሱላቸው ጥቂት መምህራን ናቸው።

ከእነዚህ መምህራን አንዱ፣ ከሁሉም ይልቅ ስሙ የሚነሣው፣ ዉዲ ፍላወርስ ነው። በ1943 በዚያችው በሉዊዚያና ጂና በምትባል ትንሽ ከተማ ከበያጅ አባት ተወልዶ፣ የመጀመሪያ ዲግሪውን በሉዊዚያና ቴክ በ1966 ከተቀበለ በኋላ ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በምሕጻር ኤም.አይ.ቲ. ወደሚባለው ትልቅ ትምህርት ቤት ተሻገረ፤ እዚያም ዶክተርነቱን አግኝቶ መምህር ሆነ። በ1970ዎቹ ዓመታት በቍጥሩ 2.70 ተብሎ የሚጠራውን የንድፍ መግቢያ ትምህርት ሲይዝ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ዓይነት የቍርጥራጭ ዕቃ ክምችት የሞላበት ሣጥን እየሰጠ፣ ከዚህ ውስጥ አንድ የተወሰነ ሥራ የሚሠራ መሣሪያ አውጡና በትምህርቱ መጨረሻ በአደባባይ እርስ በርሳችሁ ተወዳደሩ ይላቸው ነበር። ሁሉም ያላቸው ያው ሣጥን ስለ ሆነ በገንዘብ የሚበልጥ የለም፤ የሚበላለጡት በማሰብ ብቻ ነው። የውድድሩ ቀን አዳራሹ በተመልካች እየሞላ እንደ ኳስ ጨዋታ ጩኸት ይሰማበት ጀመር፤ ውድድሩም በአሜሪካ ቴሌቪዥን እስከ መታየት ደረሰ።

በእውነቱ የፍላወርስ ተማሪዎች አብዛኞቹ የሁለተኛ ዓመት ልጆች ነበሩ፤ መሣሪያዎቻቸውም በሰው እጅ የሚመሩ እንጂ ራሳቸውን የሚመሩ አልነበሩም። ነገር ግን ዘሩ የተዘራው በዚያ ነው። ዲን ኬመን የተባለው ፈልሳፊ በ1989 ፈርስት የሚባለውን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሆን የሮቦት ውድድር ድርጅት ሲያቋቁም ፍላወርስ ዋና አማካሪው ሆነ፤ የመጀመሪያውም ውድድር በ1992 በኒው ሃምፕሸር ማንችስተር ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ በ28 ቡድኖች መካከል ተካሄደ። ተወዳዳሪህን ለማሸነፍ አጥብቀህ ሥራ፣ ሞተሩ ቢቃጠልበት ግን የራስህን ትርፍ ሞተር አውሰው የሚለውን የጨዋ ሰው ሙያ ፍላወርስ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2019 ድረስ ሲያስተምር ኖሯል። የቀድሞ ትምህርት ቤቱ ሉዊዚያና ቴክ ደግሞ፣ ይህ ልጁ በሰሜን የዘራውን ዓይነት ዘር እርሱ በደቡብ በመጀመሪያ ዓመት ላይ አወረደው ማለት ይቻላል።

እዚያው በኤም.አይ.ቲ. ፍሬድ ማርቲን የተባለ ተመራማሪ ያስተዋለው ነገር ግን፣ ለእኔ ከውድድሩ ጩኸት ሁሉ ይበልጣል። ከ1980ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ተማሪዎች በየጥር ወር በሚያካሂዱት 6.270 በተባለ ሌላ ውድድር፣ ማንም ሳይነካት ራስዋን የምትመራ ሮቦት ከሌጎ ቍርጥራጮች ይሠሩ ነበር። ማርቲን እነዚህን ተማሪዎች ተከታትሎ በ1990ዎቹ ባሳተመው ጥናት እንደሚገልጸው፣ በሒሳብና በኮምፒዩተር ትምህርት የሠለጠኑት እነዚህ ወጣቶች ሮቦታቸውን የሚያዩት ከላይ ሆኖ ሁሉን እንደሚያውቅ ተመልካች ነው፤ ይህን ያህል ሰኮንድ ወደ ፊት ሂጂ፣ ከዚያ ዘጠና ዲግሪ ታጠፊ፣ ከዚያ ኳሱን አንሺ ብለው ይጽፉላታል፤ እርስዋ ግን ከላይ ሆና አታይም። አንድ መንኰራኵርዋ ጥቂት ቢንሸራተት፣ ባትሪዋም ቢደክም፣ ሁለተኛውን ትእዛዝ የምትፈጽመው ባልተፈለገበት ቦታ ቆማ ነው፤ ሦስተኛውንም እንዲሁ። ግድግዳ ገፍታ ቆማ እያለች ወደ ፊት እየሄደች ያለች ይመስላታል። ሌሊቱን ሙሉ በክፍሉ መብራት የተስተካከለ የብርሃን ሴንሰርም ወደ ውድድሩ አዳራሽ ሲወሰድ፣ በመድረኩ ኃይለኛ መብራትና በፎቶ አንሺዎች ብልጭታ ውስጥ ነጩን ከጥቍሩ መለየት ያቅተዋል።

ነገሩን በቍጥር ማየት ይጠቅማል፤ ለዚህም ከሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ የሚያልፍ አያስፈልግም። በሁለቱ መንኰራኵሮች መካከል ያለው ርቀት አሥር ሴንቲሜትር ነው እንበል፤ ከሁለቱ አንዱ፣ ላስቲኩ ጥቂት ስለ ወፈረ ወይም ሞተሩ ጥቂት ስለ ፈጠነ፣ ከሌላው አንድ በመቶ ብቻ የበለጠ ቢጓዝስ? ሮቦቷ ሦስት ሜትር ስትሄድ አንዱ መንኰራኵር ከሌላው ሦስት ሴንቲሜትር ቀድሞ ይገኛል፤ ሦስት ለአሥር ሲካፈል 0.3 ራዲያን፣ ወደ 17 ዲግሪ ገደማ የሚሆን ጥመት ነው፤ መንገዷም ቀስት ስለሚሆን ከታሰበላት ነጥብ ወደ ጎን 45 ሴንቲሜትር ያህል ርቃ ትቆማለች። አንድ በመቶ፣ በፈተና ላይ ማንም መምህር ነጥብ የማይቀንስበት ስሕተት፣ እዚህ ሮቦቷን ከመንገድ አውጥቶ ከጠረጴዛው እግር ጋር ያላትማታል። ራዲያን የሚባለውን መለኪያ በትሪጎኖሜትሪ ትምህርቱ ምን ይረባል ሲል የኖረ ተማሪ፣ ይህን ስሌት ራሱ ሠርቶ ወለሉ ላይ በሜትር ለክቶ ሲያገኘው፣ መለኪያው ለምን እንደ ተፈጠረ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ትምህርት ግብረ መልስ ነው። መንኰራኵሮቹን ፍጹም እኩል ማድረግ የሚቻል ስላልሆነ፣ መሐንዲሱ ፍጹምነትን መፈለግ ትቶ ሮቦቷ ራስዋ ስሕተትዋን እያየች እንድታርም ያደርጋታል፤ በግንባርዋ ላይ ታሕተ ቀይ ጨረር የሚልኩና ሲንጸባረቅ የሚቀበሉ ሁለት ዓይኖች ይገጠሙላትና ከግድግዳው የራቀች እንደ ሆነ ወደ እርሱ፣ የቀረበች እንደ ሆነ ከእርሱ እንድትታጠፍ ትታዘዛለች። በዚህም ሌላ አስተማሪ የሆነ መከራ አለ፤ እርማቱ ሲያንስ ሮቦቷ ስትዘገይ ትጋጫለች፣ ሲበዛ ደግሞ ከመንገዱ ግራና ቀኝ እየተወላገደች ትሄዳለች። በአውሮፕላን፣ በኤሌክትሪክ ማመንጫና በመድኃኒት ፋብሪካ ያሉት የቍጥጥር መሣሪያዎች ሁሉ የሚታገሉት ይህንኑ ነው፤ በተለመደው ሥርዓተ ትምህርት ግን ተማሪው ይህን የሚሰማው በሦስተኛው ዓመት፣ ከዲፈረንሻል ኢኴሽን በኋላ፣ በምልክቶች ተሸፍኖ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። ራሳቸውን የሚመሩ ትንንሽ ባለ መንኰራኵር መሣሪያዎች መሠራት የጀመሩት ለማስተማሪያ አልነበረም፤ በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል የአእምሮ ተመራማሪ የነበረው ግሬይ ዎልተር በ1948 እና በ1949 ኤልመርና ኤልሲ ብሎ የሰየማቸውን ሁለት ኤሊ መሰል መሣሪያዎች የሠራው፣ ሁለት የሬዲዮ ቫልቭ ብቻ ያለው ፍጥረት ምን ያህል እንደ ሕያው ሊመስል እንደሚችል ለማየት ነበር፤ ብርሃን ሲያዩ ይከተሉ፣ ዕንቅፋት ሲነካቸው ይዞሩ ነበር። ኤሊዋን ወደ ትምህርት ቤት ያስገባት በደቡብ አፍሪካ በፕሪቶሪያ የተወለደው የሒሳብ ሊቅ ሲሞር ፔፐርት ነው፤ እርሱም ሎጎ በተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ሕፃናት ኤሊዋን እያዘዙ ጂኦሜትሪ እንዲማሩ አደረገ። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የምናያት ሮቦት የዚያች የሕፃናት ኤሊ ታላቅ እኅት ናት ብል የሚቈጣኝ የምሕንድስና መምህር ይኖር ይሆናል፤ ዝምድናው ግን የሚካድ አይደለም።

ወደ ሩስተን እንመለስ። የዚያ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሥርዓታቸውን ከላቦራቶሪው ጋር መኖር በሚል ስም የጠሩት፣ ተማሪው መሣሪያውን በመኝታ ክፍሉ ስለሚያኖረው ነው። የላቦራቶሪ ቍልፍ የሚጠብቅ የለም፤ ሐሳብ በሌሊት ቢመጣ በሌሊት ይሞከራል። ትምህርቱ ሦስት ሩብ ዓመት የሚወስድ ሲሆን በመጀመሪያው ተማሪዎቹ ከሮቦቷ ጋር አንድ ትንሽ የውኃ ፓምፕ በእጃቸው ሠርተው፣ የሰጠውን የውኃ ኃይል ከበላው የኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ያስተያያሉ። በሁለተኛው ይበልጥ የሚያስገርም ነገር ይመጣል፤ በሮቦቷ ላይ ያለው ያው የመቈጣጠሪያ ሰሌዳ ከመንኰራኵሮቹ ይላቀቅና እንደ ዓሣ ማኖሪያ ባለ ትንሽ ውኃ ላይ ይሾማል፤ ተግባሩም የውኃውን ጨዋማነትና ሙቀት በተወሰነ መጠን መጠበቅ ነው። ጨዋማነቱን የሚለካውን ሴንሰር ተማሪው ራሱ ይሠራዋል፤ ጨው የበዛበት ውኃ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ስለሚያሳልፍ፣ የሚያልፈው መጠን ወደ ቍጥር ይለወጣል። ነገር ግን ጨው ያለው ውኃ ሲጨመር ወዲያው አይቀላቀልም፣ ማሞቂያውም ከጠፋ በኋላ ሙቀቱ ጥቂት መጨመሩን አይተውም፤ ስለዚህ ችኩል የሆነ ፕሮግራም ጨው ሲጨምር፣ መልሶ ሲያቀጥን፣ እንደ ገና ሲጨምር ይውላል። ሮቦቷ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ የተወላገደችበት ምክንያት በዓሣው ገንዳ ውስጥ በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ይህን አንድነት በራሱ ያስተዋለ ተማሪ፣ በእኔ ግምት፣ የዓመቱን ክፍያ አካክሷል።

በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መንገዱ ትንሽ ይለያል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በከፍተኛ ውጤት የተመረጡ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች በቡድን ሆነው ራስዋን የምትመራ አንዲት ሮቦት ከመነሻው ነድፈው ይሠራሉ፤ ቡድኑም የተወሰነ በጀት ስላለው ሞተሩንና መንኰራኵሩን ሲመርጥ ዋጋውን እየጻፈ ነው። በመጨረሻው ውድድር ሮቦቷ በየዓመቱ ጭብጡ በሚለዋወጥ ሜዳ ላይ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የተመደቡላትን ሥራዎች ትፈጽማለች። እዚህ ከሒሳቡ ጋር የበጀት ቍጥጥር፣ የጊዜ ሰሌዳና የጽሑፍ ዘገባ ይማራሉ፤ እነዚህም ምንም እንኳ ደረቅ ቢመስሉ የመሐንዲስን ቀን ግማሹን የሚበሉ ነገሮች ናቸው።

አሁን ስለ ጉዳቱ እንነጋገር፤ ጉዳት አለበትና። ከሁሉ የሚከፋው፣ ተማሪው ሳያስብ ቍጥር መለዋወጥን መልመዱ ነው። የምቱ ርዝመት 1.62 ሲሆን አልሠራም፤ 1.64 ይሁን፤ አሁንም አልሆነም፤ 1.63 ልሞክር፤ ሄደች! ለምን እንደ ሄደች ግን አያውቅም፤ ነገ ባትሪው ሲደክም እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ከሮቦት ጋር ውሎ አድሮ የተማረው፣ ማንም የሰፈር ቴሌቪዥን ጠጋኝ ከሚያውቀው ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ እርሱ ቢያንስ የሠላሳ ዓመት ልምድ አለውና። መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ ሮቦቷ ከመነሣትዋ በፊት ተማሪው ምን እንደምታደርግ፣ የት እንደምትቆም፣ ለምንም እንደ ሆነ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ በቍጥር አስቀድሞ እንዲጽፍ፣ ከዚያም ለክቶ ልዩነቱን እንዲያብራራ ማስገደድ ነው። የጻፈው ትንቢት ቢስት ነጥብ አይቀነስበትም፤ ሳይጽፍ ቢያስነሣት ግን ይቀነስበታል። ይህ ደንብ ካልተጠበቀ ሮቦቷን ወደ መጫወቻ መደብር መመለስ ይሻላል።

ሁለተኛው ጉዳት የቡድን ሥራ ያመጣው ነው። አራት ልጆች በአንድ ሮቦት ዙሪያ ሲቀመጡ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር የነበረው ልጅ ቁልፉን ይይዛል፣ እጁ የፈጠነው ካቻቢቴውን ይይዛል፤ ሴት ልጅ በቡድኑ ውስጥ ያለች እንደ ሆነ ደግሞ ጽሕፈትሽ ያምራልና ዘገባውን አንቺ ጻፊ ትባላለች። ይህን በክፉ ልብ የሚያደርግ የለም፤ በዓመቱ መጨረሻ ግን ከአራቱ አንዱ ምሕንድስና ተምሮ፣ ሦስቱ ሲሠራ አይተው ይወጣሉ። የሩስተን መምህራን ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ሮቦት ማስያዛቸው ከዚህ መከራ አድኗቸዋል፤ በቡድን የሚያሠሩ ግን የሥራ ክፍፍሉን በየሳምንቱ እያዘዋወሩ ሁሉም ሁሉንም እንዲይዝ ማድረግ ይገባቸዋል። ውድድርንም በተመለከተ፣ ብዙ ወጣቶችን እንደሚያነቃቃ አይካድም፤ ነገር ግን የመጨረሻው ነጥብ ሁሉ በውድድሩ ውጤት ላይ የሚሰጥ ከሆነ ተማሪው አዲስ ሐሳብ ከመሞከር ይልቅ ያለፈው ዓመት አሸናፊ የሠራችውን ሮቦት መቅዳት ይመርጣል። ፍላወርስ ለውድድሩ ያን ያህል ድምቀት ሰጥቶ ሳለ፣ የትምህርቱን ውጤት በአሸናፊነት አለመመዘኑ በከንቱ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ለእኛ አገር ምን ያህል ይቀርባል ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ከ2012 ዓ.ም. (በእኛ አቈጣጠር) ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት የሚሰጥበት ዓመት ሆኖ ተመልሷል፤ ምሕንድስና የሚመኘው ወጣትም በዚያ ዓመት የሚውለው በሒሳብ፣ በፊዚክስና በቋንቋ ትምህርት መካከል ነው። ሮቦቷን ለማስገባት ዋጋዋ እንደ ቀድሞው አያስፈራም። በ2005 በጣሊያን አገር በኢቭሬያ የተጀመረው አርዱዊኖ የተባለው የመቈጣጠሪያ ሰሌዳ ንድፉ ለማንም ክፍት ስለ ሆነ፣ ቅጂው በዓለም ገበያ በጥቂት ዶላር ይሸጣል። ገላዋን ከቆርቆሮ ቈርጦ ማጠፍ ለምናለሽ ተራ ባለሙያ የሻይ ሰዓት ሥራ ነው፤ ሞተሮቹና ሴንሰሮቹ ግን የውጭ ምንዛሪ ይፈልጋሉ፣ በየጊዜውም ይቃጠላሉ፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ግዢ ጋር ቢያንስ አንድ ሦስተኛ ያህል መለዋወጫ አብሮ ካልታዘዘ ሁለተኛው ሴሚስተር ሳይጋመስ ሮቦቶቹ በመደርደሪያ ላይ ይቀራሉ።

ከሞተሩ ይልቅ የሚከብደው የሰው ጉልበት ነው። ሁለት መቶ ተማሪዎች በየሳምንቱ ትንቢታቸውንና ልኬታቸውን ጽፈው ቢያስረክቡ፣ አንዱን ደብተር አንብቦ ለማረም አሥር ደቂቃ ብቻ ቢወስድ፣ በጠቅላላው ከሠላሳ ሦስት ሰዓት በላይ ይሆናል፤ ይህም ሌላ ሥራ የሌለው የአንድ ረዳት መምህር ሙሉ የሥራ ሳምንት ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሮቦት ለመግዛት በጀት ሲጠይቁ በማመልከቻው የመጀመሪያ መስመር ላይ መጻፍ ያለባቸው የዚህን ረዳት መምህር ደመወዝ ነው፤ የሞተሩና የሰሌዳው ዋጋ ከእርሱ በታች በሚቀጥለው መስመር ሊገባ ይችላል።